ማክስ ዋይንራይክ፦ ጀርመን አገር ተምሮ ለይዲሽ የኖረው ምሁር

ብራና ገላጭ፣ ሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። «ቋንቋ ማለት ጦርና ባሕር ኃይል ያለው ዘዬ ነው» የሚለውን አባባል ያልሰማ እዚህ ቤት ያለ አይመስለኝም። የቋንቋ ክርክር በተነሳ ቁጥር አንዱ ይወረውረዋል። ከሥሩ «ማክስ ዋይንራይክ» ተብሎ ይጻፋል። ስለ ሰውዬው ግን አንድ ቃል የሚጨምር የለም። ሰሞኑን ሕይወቱን ሳነብ ከረምኩና እንቅልፍ ነሳኝ። አባባሉ ከሠራው ሥራ ሁሉ ትንሹ ነው። ዛሬ ስለ ሰውዬው ላውራችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ዋይንራይክ በ1894 ኩልዲጋ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ዛሬ ላትቪያ ውስጥ ናት፤ ያኔ በሩሲያ ዛር ሥር ነበረች። ቤተሰቡ አይሁድ ነው። ቤት ውስጥ የሚነገረው ግን ጀርመንኛ ነበር። ይዲሽ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ሰፊው ሕዝብ ቋንቋ ነው። ተማርን የሚሉት ግን የገበያና የድሃ ቋንቋ አድርገው ነበር የሚያዩት። ማክስ አፉን የፈታው በይዲሽ አይደለም። ጎረምሳ ሳለ፣ ቡንድ በሚባለው የአይሁድ ሠራተኞች ሶሻሊስት ፓርቲ በኩል፣ ወዶና ፈቅዶ የገባበት ቋንቋ ነው። ገና በወጣትነቱ በይዲሽ ጋዜጦች ላይ መጻፍ ጀመረ።

ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተማረ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ወደ ጀርመን፣ ወደ ማርቡርግ ሄደ። ማርቡርግ ዝም ብሎ የተመረጠ ቦታ አይደለም። የጀርመንኛ ዘዬዎች ካርታ የሚሠራው እዚያ ነው። ዌንከር የሚባል ሰው 40 አረፍተ ነገር ጽፎ በየመንደሩ ላሉ አስተማሪዎች ልኮ ነበር። «ይህን በእናንተ ሰፈር ሰው እንዴት ነው የሚለው?» ብሎ ይጠይቃል። ከአርባ ሺህ በላይ ከሚሆኑ ቦታዎች መልስ መጣለት። ከእሱ በኋላ ሥራውን የመራው ፈርዲናንድ ቭሬደ ነው። ዋይንራይክ በዚህ ሰው ሥር በ1923 ዶክትሬቱን ያዘ። የጻፈው በጀርመንኛ ነው፤ ርዕሱ ግን ይዲሽ ነው። መጽሐፍ ሆኖ የታተመው በ1993 ነው። ሰባ ዓመት ሙሉ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው።

ልብ በሉልኝ። በዓለም ላይ ያኔ ምርጥ የሚባለውን የቋንቋ ጥናት ዘዴ ከምንጩ ተማረ። ቤቱ ጀርመንኛ፣ ዲግሪው ጀርመንኛ። ከዚያ ይህን ሁሉ ይዞ ወደ ቪልና ሄደ። የዛሬዋ ቪልኒየስ ናት፤ ያኔ በፖላንድ ሥር ነበረች። ድሃ ከተማ ናት፤ ግን በይዲሽ የምትተነፍስ ከተማ ናት። እዚያ የታወቀውን ሐኪም የዶክተር ጼማኽ ሻባድን ልጅ ሬጊናን አገባ። በ1925 ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ዪቮ የሚባለውን የይዲሽ የምርምር ተቋም አቋቋመ። ሐሳቡን መጀመሪያ በጽሑፍ ያቀረበው ኖኸም ሽቲፍ ነው። ሥራውን ግን ተሸክሞ ያቆመው ዋይንራይክ ነበር። የተቋሙ የመጀመሪያ ቢሮ የእሱ መኖሪያ ቤት ውስጥ ያለች አንድ ክፍል ነበረች። መንግሥት የለው፣ በጀት የለው። ፍሮይድና አንስታይን ግን በክብር ቦርዱ ላይ ስማቸውን ሰጥተዋል።

ገንዘብ ስለሌለ ምን አደረጉ? ሕዝቡን ጠሩ። በየከተማውና በየመንደሩ በጎ ፈቃደኛ ሰብሳቢዎች አደራጁ። ልብስ ሰፊው፣ የሱቅ ሠራተኛው፣ አስተማሪው መጠይቅ ይደርሰዋል። ተረትና ምሳሌ፣ የልጆች ጨዋታ፣ የሠርግ ዘፈን፣ የቲያትር ማስታወቂያ ወረቀት፣ የድሮ የማኅበር መዝገብ እየሰበሰበ በፖስታ ወደ ቪልና ይልካል። የማርቡርግን ዘዴ ወስዶ የተራውን ሰው እጅ ጨመረበት። እኔን የገዛኝ ይህ ነው። የቀረውን ነገ እጽፋለሁ፤ እስከዚያው ሐሳብ ያላችሁ ወዲህ በሉ።


የፒያሳው፣ ሰኞ ማታ 3፡25

ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ እጅህ ይባረክ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ጀርመን አገር ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ይዲሽ ዘፈን ስሰማ ከግማሽ በላይ ይገባኛል። ታዲያ ይህ የተበላሸ ጀርመንኛ አይደለም እንዴ? ጀርመኖቹም እንደዚያ ነው የሚሉት። ሰውዬው ፍቅር ይዞት ነው እንጂ የተለየ ቋንቋ ነው ማለት ይቻላል?


የቋንቋ ተማሪ፣ ሰኞ ማታ 4፡10

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ዋይንራይክ ዕድሜውን የፈጀው ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲሰጥ ነው። እሱ የታወቀበትን አንድ ምሳሌ ላምጣ።

«ኖኽን ቤንችን ሆት ደር ዜይደ ጌኮይፍት አ ሴይፈር።» ከማዕድ ጸሎት በኋላ አያትየው ሃይማኖታዊ መጽሐፍ ገዛ፣ ማለት ነው። «ገዛ» የሚለው ግስና የአረፍተ ነገሩ አጥንት ከጀርመንኛ ነው፤ እርስዎ የሚገባዎት እሱ ነው። «ቤንችን» ግን ከላቲን የመጣ ነው፤ በድሮ የፈረንሳይና የጣሊያን አይሁዶች አፍ አልፎ የገባ። «ዜይደ» ከስላቭ ቋንቋዎች ነው። «ሴይፈር» ከዕብራይስጥ ነው። ስምንት ቃል ውስጥ አራት ዓለም አለ።

የዋይንራይክ ክርክር እንዲህ ነው። አይሁዶቹ ወደ ራይን ወንዝ ዳር፣ ወደ ማይንዝ፣ ወርምስ፣ ሽፓየርና ኮሎኝ የመጡት ባዶ አፋቸውን አይደለም። ከሮማንስ አገሮች፣ ማለትም ከላቲን የወጡ ቋንቋዎች ከሚነገሩባቸው ከፈረንሳይና ከጣሊያን፣ የራሳቸውን አነጋገር ይዘው መጡ። ዕብራይስጡና አራማይኩ በጸሎትና በትምህርት አብሯቸው ነበር። እዚያ ከአካባቢው ጀርመንኛ ጋር ተዋሐደ። በኋላ ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ስላቩ ተጨመረ። ስለዚህ መጀመሪያ ንጹሕ ጀርመንኛ ተናግረው በኋላ ያበላሹት ነገር የለም። ከመነሻው ቀልጦ የተሠራ ውሁድ ቋንቋ ነው።

ማስረጃ ለሚፈልግ፣ ዓመቱ የታወቀ የመጀመሪያው የይዲሽ አረፍተ ነገር የተጻፈው በ1272 ነው። የወርምስ ከተማ አይሁዶች የበዓል ጸሎት መጽሐፍ ላይ ነው ያለው። መጽሐፉ ትልቅ ነው፤ በእጅ የተጻፈ፣ በቀለም ያጌጠ። ጸሎቱ ዕብራይስጥ ነው። አንድ ቃል በትልልቅ ባዶ ፊደሎች ተጽፏል። ጸሐፊው በእነዚያ ፊደሎች ሆድ ውስጥ በትንንሹ አንድ ምርቃት አስገባ፦ ይህን መጽሐፍ ወደ ምኩራብ ተሸክሞ ለሚወስድ መልካም ቀን ይሁንለት። የእኛ የብራና ጸሐፊዎች መጨረሻ ላይ «ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ» እንደሚሉት ማለት ነው። በዚያች ምርቃት ውስጥ «የጸሎት መጽሐፍ» እና «ምኩራብ» የሚሉት ቃላት ዕብራይስጥ ናቸው፤ የቀረው ከጀርመንኛ የመጣ ነው። በ1272 ውሕደቱ አለቀለት ማለት ነው። መጽሐፉ ዛሬ ኢየሩሳሌም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው ያለው።


የፒያሳው፣ ሰኞ ማታ 4፡30

ገባኝ። «ዜይደ» የሚለውን በዘፈን ሰምቼ ትርጉሙን አላውቀውም ነበር። ለካ ጀርመንኛ ውስጥ ስፈልገው የነበረው በከንቱ ነው። ቀጥሉ፣ እያነበብኩ ነው።


ብራና ገላጭ፣ ማክሰኞ ከሰዓት 9፡15

የቋንቋ ተማሪ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወደ ሕይወቱ ልመለስ።

በ1931 ቪልና ዩኒቨርሲቲ አካባቢ በአይሁዶች ላይ ረብሻ ተነሳ። ዋይንራይክ በድንጋይ ተመታና የአንድ ዓይኑን ብርሃን አጣ። መጽሐፍ ሕይወቱ የሆነ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ያነበበውን ሁሉ፣ የጻፈውን ሁሉ፣ በቀረው ዓይኑ ነው የሠራው። ጓዙን ጠቅልሎ ከቪልና አልሸሸም።

በ1932 ሮክፌለር በሚባለው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ድጋፍ ለተወሰነ ጊዜ አሜሪካ፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ታላቁ የቋንቋ ሊቅ ኤድዋርድ ሳፒር ባህልና የሰው ልጅ ስብዕና ላይ ከየአገሩ ምሁራን ሰብስቦ ሴሚናር ይመራ ነበር። እዚያ ሳለ ዋይንራይክ አንድ ነገር ከነከነው። የተናቀ ሕዝብ ልጅ ሆኖ ማደግ ወጣቱን ምን ያደርገዋል? መልሱን ፍለጋ ወደ አሜሪካ ደቡብ ወርዶ የጥቁሮችን ትምህርት ቤቶች ጎበኘ። ዘመኑን አስቡት። የዘር ልዩነት ሕግ በጸናበት አገር፣ ከፖላንድ የመጣ አንድ አይሁድ የጥቁር ወጣቶችን ኑሮ ሊማርበት ሄደ። ወደ ቪልና ሲመለስ በ1935 ስለ አይሁድ ወጣቶች በይዲሽ መጽሐፍ ጻፈ፤ ከዚያ ጉዞ ያገኘውን ተጠቅሞበታል። የፍሮይድን የሥነ ልቦና ትንተና መግቢያም ራሱ ወደ ይዲሽ ተርጉሞ ዪቮ አሳተመው።

አሁን ደግሞ ልቤን የነካውን ላምጣ። ዪቮ በ1932፣ በ1934 እና በ1939 የወጣቶች የሕይወት ታሪክ ውድድር አወጣ። ከ16 እስከ 22 ዓመት ያሉ ልጆች ታሪካቸውን እንዲጽፉ ተጠየቁ። ስማቸውን መግለጥ የለባቸውም። ቋንቋው እንዲያምር አይጠበቅም። እውነቱን ብቻ ጻፉ፣ ቤታችሁን፣ ትምህርታችሁን፣ ፍቅራችሁን፣ ድህነታችሁን ጻፉ ተባሉ። ከስድስት መቶ በላይ ጽሑፍ ደረሰ። ደብተር ሙሉ የላከ አለ። የ1939 አሸናፊዎች ስም ሊነገር የተቀጠረው ለመስከረም 1 ቀን በፈረንጅ ነበር። የሂትለር ጦር ፖላንድን የወረረው በዚያች ዕለት ነው።


ከናታንያ፣ ማክሰኞ ማታ 1፡50

ሰላም ወገኖች። እኔ ከእስራኤል ነኝ፤ ወላጆቼ ከጎንደር በኩል በሱዳን አድርገው የመጡ ቤተ እስራኤል ናቸው። ስለ ይዲሽ የማውቀው ከሰፈሬ ሽማግሌዎች ነው። አንድ ነገር ግን ጨምሩበት። ይዲሽን የናቁት ጀርመኖች ብቻ አይደሉም። እዚህም ዕብራይስጥ ይግባ ሲባል ይዲሽ የስደትና የውርደት ቋንቋ ተደርጎ ተገፋ። በ1927 በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የይዲሽ ወንበር፣ ማለትም የፕሮፌሰርነት ቦታ፣ ይቋቋም የሚል ሐሳብ መጥቶ በተቃውሞ ብዛት ቀረ። ወንበሩ የተከፈተው በ1951 ነው፤ ዶቭ ሳዳን ያዘው። እስከዚያ ድረስ አውሮፓ ውስጥ የነበረው የቋንቋው ተናጋሪ አብዛኛው አልቋል።

ይህን ስጽፍ ሆዴ ይባባል። እናቴ እዚህ አማርኛዋን አውቶቡስ ውስጥ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር የምትናገረው። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁም እናቴ «ቤት ውስጥ ዕብራይስጥ ብቻ አናግሩት» ተብላ ተመክራለች። ወንድሞቼና እህቶቼ ዛሬ ከአያታችን ጋር በአስተርጓሚ ነው የሚያወሩት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ዋይንራይክ ይህን ነገር ገና በ1925 ገብቶት ነበር። ተናጋሪው ሳያፍርበት፣ ልጁ ሳይረሳው፣ ቶሎ ብሎ መሰብሰብ ያስፈልግ ነበር።


የቨርጂኒያዋ፣ ማክሰኞ ማታ 3፡05

ከናታንያ፣ እዚህ አሜሪካም ነገሩ ያው ነው፤ አይዞህ። ብራና ገላጭ፣ እኔ ግን የምፈልገው ሌላ ነው። እሱ እንዴት ተረፈ? የተሰበሰበው ወረቀት ሁሉስ ምን ሆነ?


ብራና ገላጭ፣ ማክሰኞ ማታ 4፡20

እህቴ፣ የተረፈው በአጋጣሚ ነው። ጦርነቱ ሲጀመር ከባለቤቱና ከትልቁ ልጁ ከኡሪኤል ጋር ዴንማርክ ነበር። ሬጊና ወደ ቪልና ተመለሰች፤ ትንሹ ልጅ ጋብርኤል እዚያ ስለነበረ። ማክስና ኡሪኤል በ1940 መጋቢት ወር ኒውዮርክ ገቡ። በኋላ እሷም ትንሹን ይዛ ደረሰች። ቤተሰቡ ተረፈ። የኒውዮርኩ ቅርንጫፍ የዪቮ ዋና መሥሪያ ቤት ሆነ።

ቪልና የቀሩት ባልደረቦቹ ግን አልተረፉም። ዛልማን ሬይዘንን ሶቪየቶች አስረው ገደሉት። ከተቋሙ መሪዎች አንዱ የነበረው ዜሊግ ካልማኖቪች ኤስቶኒያ ባለ የናዚ ካምፕ ሞተ።

ወረቀቱ ደግሞ እንዲህ ሆነ። ናዚዎች ዝም ብለው አላቃጠሉትም። ምሁራን ነን የሚሉ ሰዎቻቸውን ይዘው መጡ። ፍራንክፈርት ላይ «የአይሁድን ጥያቄ የሚመረምር» ተቋም ከፍተው ነበር፤ ለዚያ የሚሆነውን መርጠው መውሰድ ፈለጉ። የሚመርጥላቸው ይዲሽና ዕብራይስጥ አንባቢ ስለሌላቸው ጌቶ በሚባለው፣ አይሁዶች ታጉረው በሚኖሩበት የቪልና ሰፈር ያሉትን ምሁራን በግዳጅ አሠሩ። ካልማኖቪች ራሱ፣ ገጣሚው አቭሮም ሱትስኬቨርና ጓደኛው ሽመርኬ ካቸርጊንስኪ አንድ ላይ ሆነው የራሳቸውን ቅርስ እየለዩ ለገዳዮቻቸው ያሽጉ ጀመር። ያልተመረጠው ወደ ወረቀት ፋብሪካ ይሄዳል፣ ይፈጫል።

እነሱ ታዲያ ምን አደረጉ? ማታ ወደ ጌቶው ሲመለሱ ወረቀቱን በልብሳቸው ሥር፣ በወገባቸው ዙሪያ ጠምጥመው አወጡ። በር ላይ ፍተሻ አለ። ከተያዙ ሞት ነው። ዳቦ ማስገባት ሲችሉ ደብዳቤና የእጅ ጽሑፍ አስገቡ። «የወረቀት ብርጌድ» የሚል ስም የወጣላቸው ለዚህ ነው። ግድግዳ ውስጥ፣ ከመሬት በታች ቀበሩት። ከጦርነቱ በኋላ ሱትስኬቨር ተመልሶ ቆፍሮ አወጣ። ቀሪውን ደግሞ አንታናስ ኡልፒስ የሚባል አይሁድ ያልሆነ የሊትዌኒያ የቤተ መጻሕፍት ሰው በሶቪየት ዘመን አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደብቆ አቆየው። ለዓመታት አፉን ዘጋ።

ናዚዎች ወደ ጀርመን የወሰዱትን የአሜሪካ ጦር አገኘው። ኦፈንባክ በሚባል ቦታ መጋዘን ውስጥ ተከማችቶ ነበር። ዋይንራይክ ከኒውዮርክ ሆኖ ደብዳቤ ሲጽፍ፣ ባለሥልጣን ሲያስጨንቅ ከረመ። በ1947 ሉሲ ዳቪዶቪች የተባለች ወጣት ገብታ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ለየች። እሷ ከጦርነቱ በፊት ቪልና፣ እዚያው ዪቮ ተማሪ ነበረች። በዚያ ዓመት በሰኔ ወር 420 ሣጥን በመርከብ ወደ ኒውዮርክ ተላከ።


የግዕዝ ወዳጅ፣ ረቡዕ ጠዋት 3፡00

ትናንት ማታ አነበብኩት። ስለ ፍራንክፈርቱ ተቋም ያነሳኸው ሳይብራራ አይለፍ። ዋይንራይክ በ1946 ያወጣውን መጽሐፍ ካልጠቀስን ሰውዬውን አላወቅነውም፤ «የሂትለር ፕሮፌሰሮች» ይባላል።


ብራና ገላጭ፣ ረቡዕ ጠዋት 3፡45

ለመጨረሻ አቆይቼው ነበር። ካነሳኸው ግን ልግባበት፤ ከሁሉ በላይ የምወደውም እሱን ነው።

ዓመቱን ተመልከቱ፤ 1946 ነው። አመዱ ገና አልቀዘቀዘም። የሞቱት ባልደረቦቹ ናቸው፣ ተማሪዎቹ ናቸው፣ ለውድድሩ ታሪካቸውን የላኩለት ልጆች ናቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ያለቅሳል። ዋይንራይክ ቁጭ ብሎ የጀርመን ምሁራንን መጻሕፍት፣ መጽሔቶች፣ የጉባኤ ጥሪዎችና ደብዳቤዎች ሰበሰበ። የማን ስም የት ላይ አለ? ማን ምን ብሎ ጻፈ? ገንዘቡ ከየት መጣ? ከዚያ በስም፣ በቀን፣ በተቋም ዘረዘረው። በይዲሽም በእንግሊዝኛም አወጣው።

ያኔ ሰው የሚለው ሌላ ነበር። ናዚዝም የወሮበሎች ሥራ ነው፤ እውነተኛው የጀርመን ሳይንስ ንጹሕ ነው፣ ተገዶ ነው ዝም ያለው ይባል ነበር። ዋይንራይክ አይደለም አለ። እነዚህ ከመንገድ የተሰበሰቡ ሰዎች አልነበሩም፤ ወንበር ያላቸው፣ በዓለም የተከበሩ ፕሮፌሰሮች ነበሩ። ለግድያው ሐሳቡን፣ ቃሉንና ዘዴውን ያቀረቡት እነሱ ናቸው ሲል ደመደመ።

አንዱን ስም ብቻ ላንሳ፤ ኦይገን ፊሸር። ይህ ሰው በ1908 የዛሬዋ ናሚቢያ ሄዶ፣ ሬሆቦት ላይ ከአፍሪካውያንና ከነጮች የተወለዱ ሰዎችን ጭንቅላት ሲለካ የከረመ የዘር «ሳይንቲስት» ነው። በኋላ በርሊን ውስጥ ትልቅ የሰው ዘር ጥናት ተቋም መራ። በ1941 የፍራንክፈርቱ ተቋም ሲመረቅ የክብር እንግዳ ሆኖ ተቀምጧል። አፍሪካ ላይ የተጀመረው የጭንቅላት ልኬት አውሮፓ ውስጥ የት እንደደረሰ በዚህ አንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ይታያል። እኛ አፍሪካውያን ይህን መጽሐፍ ማንበብ አለብን የምለው ለዚህ ነው።

ደግሞ አስቡት፣ ይህን የጻፈው የማርቡርግ ዶክተር ነው። የጀርመንን ዩኒቨርሲቲ ከውጭ ሆኖ የሚረግም ሰው አይደለም። ዘዴውን ከእነሱ ተምሯል፤ ምንጭ መጥቀስ፣ ሰነድ ማመሳከር፣ ስሜትን ከማስረጃ መለየት የሚለውን በእነሱ ቤት ነው ያጠናው። በዚያው ዘዴ ነው የከሰሳቸው። አንድም ቦታ ጩኸት የለበትም። ያ ነው የሚያስፈራው።


ተጠራጣሪው፣ ረቡዕ ከሰዓት 8፡30

ሰውዬውን ማክበሩ ጥሩ ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። ግን ሁሉ ነገር ልክ ነበር እንዳይባል። የራይን ወንዝ ታሪኩን ብዙዎች አይቀበሉትም። ሮበርት ኪንግና ዶቪድ ካትዝን የመሳሰሉ ሊቃውንት የዛሬው ይዲሽ ድምፅና ሰዋስው የሚቀርበው ወደ ደቡብ ጀርመን፣ ወደ ባየርን አካባቢ ጀርመንኛ ነው ይላሉ። ሬገንስበርግ፣ ዳኑብ ወንዝ ነው መነሻው እንጂ ወርምስና ማይንዝ አይደለም ባዮች ናቸው። ከራይን የመጣ ከሆነ የራይን ጀርመንኛ ምልክት ለምን አልያዘም? ይህ ጠንካራ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛ፣ ዪቮ በ1930ዎቹ ለይዲሽ አንድ ወጥ የአጻጻፍ ሕግ አወጣ። ዛሬ ግን ይዲሽን በየቀኑ ቤት ውስጥ፣ ከልጆቹ ጋር፣ ሱቅ ውስጥ የሚናገረው በብዛት ማን ነው? የብሩክሊን፣ የኢየሩሳሌምና የአንትወርፕ ሐሲዶች፣ ማለትም ሃይማኖታቸውን አጥብቀው የሚይዙ አይሁዶች፣ ናቸው። እነሱ የዪቮን ሕግ አይከተሉም፤ ብዙዎቹ ስለ ዋይንራይክ ሰምተውም አያውቁም። ቋንቋውን ያቆየው የምሁራኑ ተቋም ነው ወይስ የእናቶቹ ቤት?


የቋንቋ ተማሪ፣ ረቡዕ ማታ 1፡15

ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ነጥብህ ትክክል ነው፤ ክርክሩ አልተዘጋም። እኔም የባየርኑ ማስረጃ ከድምፅ አንፃር ከበድ ይላል ባይ ነኝ። ነገር ግን የሚከራከሩት ሁሉ በምን መሣሪያ እንደሚከራከሩ ተመልከት። «ውሁድ ቋንቋ» የሚለው ሐሳብ፣ አካላቱን ለይቶ የየራሳቸውን ጉዞ መከታተል፣ ይህን መንገድ የቀየሰው እሱ ነው። የይዲሽ ቋንቋ ታሪኩ አራት ጥራዝ ነው፤ ሁለቱ ጥራዝ ማስታወሻ ብቻ ነው። ተቃዋሚዎቹም ማስረጃ የሚቀዱት ከዚያው ነው።

ሁለተኛው ላይ ግን አልስማማም። ቋንቋን በአፍ ማቆየትና ቋንቋን ማጥናት ሁለት ሥራ ነው። ሐሲዶቹ የመጀመሪያውን ሠሩ፤ ክብር ይገባቸዋል። የ1930ዎቹን የልብስ ሰፊ ዘፈን፣ የሶሻሊስቱን ጎረምሳ ማስታወሻ፣ የቲያትሩን ወረቀት ግን እነሱ አያቆዩልህም ነበር። ያንን ያቆየው ዪቮ ነው።


ተጠራጣሪው፣ ረቡዕ ማታ 1፡40

የመጨረሻውን እቀበላለሁ። የባየርኑን ግን አለቅም፣ ሌላ ክር ከፍተን እንነጋገርበት።


የግዕዝ ወዳጅ፣ ረቡዕ ማታ 2፡30

አንድ ነገር ላክል፤ ከእኛ ጋር በቀጥታ የሚያያዝ ነው። ከዚያው ከፖላንድ የይዲሽ ዓለም የወጣ አንድ ሌላ ሰው አለ፤ ቮልፍ ሌስላው። በ1906 ክሼፒትሴ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በድሃ ቤት ተወለደ። አፉን የፈታው በይዲሽ ነው። በልጅነቱ ወላጆቹ ሞቱበት፤ የሺቫ በሚባለው የአይሁድ ሃይማኖት ትምህርት ቤት ተማረ። ቪየና፣ ከዚያ ፓሪስ ሄዶ ከማርሴል ኮኸን ጋር የሴም ቋንቋዎችን አጠና። ጦርነቱ ሲመጣ ፈረንሳይ ውስጥ ከሚስቱና ከልጁ ጋር ካምፕ ገባ። በ1942 አምልጦ ኒውዮርክ ደረሰ።

ይህ ሰው ነው በኋላ ኢትዮጵያ መጥቶ ጋፋትን፣ አርጎብኛን፣ ሐረሪን፣ የጉራጌ ቋንቋዎችን አንድ በአንድ የመዘገበው። ጋፋትን የሚናገሩ ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ በቀሩበት ሰዓት ነው የደረሰው። የግዕዝ ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላቱ በ1987 ወጣ፤ ዛሬም ከጠረጴዛዬ አይጠፋም። የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፉ ከሺህ ገጽ በላይ ነው። ለብዙ ዓመት ሎስ አንጀለስ ሲያስተምር ኖሮ በ2006፣ በመቶ ዓመቱ ዐረፈ። ሁለቱ ሰዎች ከአንድ ዓይነት ዓለም ወጥተው፣ ከአንድ ዓይነት እሳት አምልጠው፣ ሊጠፋ ያለን ቋንቋ መሰብሰብን ሥራቸው አደረጉ። የእኛም ድርሻ አለበት ለማለት ነው።


ከናታንያ፣ ረቡዕ ማታ 2፡50

ሌስላው የቤተ እስራኤልን ጸሎቶችና መጻሕፍት ተርጉሞ በ1951 አሳትሟል። ይዲሽ ተናጋሪ መሆኑን ግን ዛሬ ሰማሁ። ይህን ለአባቴ እነግረዋለሁ።


የቨርጂኒያዋ፣ ረቡዕ ማታ 4፡00

ልጁ ኡሪኤልስ? እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለ ቋንቋዎች መነካካት ያነበብኩት መጽሐፍ ላይ «ዋይንራይክ» የሚል ስም ነበር። አባትየው መስሎኝ ነበር።


ብራና ገላጭ፣ ሐሙስ ጠዋት 2፡20

ልጁ ነው። ኡሪኤል ኒውዮርክ ሲገባ 13 ዓመቱ ነበር። በ1949 የኮሌጅ የይዲሽ መማሪያ አወጣ፤ ገና 23 ዓመቱ ነው። አንቺ ያነበብሽው በ1953 የወጣው ነው፤ ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው ይነበባል። ታዋቂው አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ ዊልያም ላቦቭ የእሱ ተማሪ ነበር። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ በየአገሩ የተበተኑ የይዲሽ ተናጋሪዎችን እየጠየቀ የቋንቋና የባህል ካርታ ጀመረ። መንደሮቹ ጠፍተዋል፤ ካርታው የተሠራው ከተረፉት ሰዎች ትዝታ ነው። የአባቱን የማርቡርግ ትምህርት ልጅየው አሜሪካ ላይ ቀጠለው ማለት ነው።

በ1967 ኡሪኤል በ40 ዓመቱ በካንሰር ሞተ። ትልቁ የእንግሊዝኛና ይዲሽ መዝገበ ቃላቱ የታተመው በማግስቱ ዓመት ነው። ማክስ ልጁን ቀብሮ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ በ1969 መጀመሪያ ዐረፈ። የቋንቋ ታሪኩን ጨርሶ ነበር፤ ታትሞ ሳያይ ነው የሄደው። በ1973 ወጣ።

ስለ አሜሪካ ሥራው በአጭሩ፦ በ1947 ኒውዮርክ ሲቲ ኮሌጅ የይዲሽ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው ነው። እዚያው ኮሌጅ ሶል ሊፕሲን የሚባል የጀርመን ሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር ነበር። እሱም ልክ እንደ ዋይንራይክ በሁለቱ ዓለም የኖረ ሰው ነው። ጀርመንኛ ስለጻፉ አይሁዶች በ1944 መጽሐፍ አወጣ፤ በ1972 ደግሞ የይዲሽ ሥነ ጽሑፍን ታሪክ ጻፈ። ስለ እሱ ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል።

ስለ አባባሉም ሳልናገር እንዳላልፍ። ዋይንራይክ በ1945 መጀመሪያ ላይ ዪቮ ጉባኤ ላይ ነው የተናገረው። የራሴ ነው አላለም። ብሮንክስ የሚያስተምር አንድ ሰው ትምህርቱን ሊሰማ ይመጣ ነበር፤ አባባሉን ከእሱ እንደሰማው እዚያው ገልጿል። ስለዚህ ከሥሩ ስሙን ስትጽፉ ይህንንም ጻፉ።


የፒያሳው፣ ሐሙስ ጠዋት 3፡10

እኔ ከሁሉ በላይ የሕይወት ታሪክ የጻፉት ልጆች ነገር አልለቀቀኝም። የሚነበብ ነገር አለ?


ብራና ገላጭ፣ ሐሙስ ጠዋት 3፡30

አለ ጋሼ። ኒውዮርክ ከደረሱት ውስጥ 15ቱ ተመርጠው በ2002 በእንግሊዝኛ ታትመዋል። ቪልና ከተደበቀው ደግሞ በ2017 ሌሎች ተገኝተዋል። የዪቮ የቪልና ስብስብ በኢንተርኔት ተጭኗል፤ ደብተሮቹን በእጅ ጽሑፋቸው ማየት ይችላሉ። ይዲሽ ባያነቡም ገጾቹን ይክፈቱና ይዩአቸው። የቨርጂኒያዋ፣ አንቺ የእንግሊዝኛውን ካገኘሽ አንዱን ልጅ መርጠሽ ታሪኩን በአማርኛ አጠር አድርገሽ እዚህ ለጥፊልን።


የቨርጂኒያዋ፣ ሐሙስ ማታ 1፡05

ቤተ መጻሕፍት ጠይቄያለሁ፤ አለ ብለውኛል። ቅዳሜ እወስደዋለሁ።